ለሠርግ ብቻ የሚለበስ ቋንቋ

የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ሲደርስ፣ በዚያ የተቆረቆረችው ከተማ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር። ሐዲዱ ተራራውን ወጥቶ ሐረር ለመግባት ስላልቻለ ንግዱ ወደ ሐዲዱ ወረደ፤ ከንግዱ ጋር የሐረር ነጋዴ፣ ከነጋዴውም ጋር ቋንቋው ወረደ። ባለቤቶቹ «ጌይ ሲናን»፣ ማለትም «የከተማ ቋንቋ» ብለው የሚጠሩት ሐረሪ ከድሬዳዋ ጋር ትውውቁ እንዲህ የቆየ ነው። ዛሬ ግን የቀረው የከተማው ሕዝብ ይህን ቋንቋ የት ይሰማዋል ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ ለኪነ ጥበብ ሰዎች የሚያኮራ አይደለም፤ በአብዛኛው በሠርግና በበዓል መድረክ ላይ ነው።

ሐረሪ ከአማርኛ ጋር አንድ ግንድ ያለው የሴም ቋንቋ ሲሆን የቅርብ ዘመዶቹ ስልጢኛ፣ ወለኔኛና ዛይኛ ናቸው። በዐረብ ፊደል ለዘመናት ተጽፎበታል፤ ኋላም በግዕዝ ፊደል ይጻፍ ጀመር። በድሬዳዋ ግን ገበያው ኦሮምኛና ሶማሊኛ፣ ቢሮው አማርኛ ይናገራል፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርትም በዋነኝነት የሚሰጠው በእነዚሁ በሦስቱ ነው። የመጋላ ወይም የከዚራ ልጅ ጢም ሳያበቅል ሦስት ቋንቋ ማወቁ የከተማዋ ክብር እንጂ ጉድለቷ አይደለም። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ድሬዳዋ ማንንም «ቋንቋህን ተው» ብላ ሳታስገድድ፣ በሌሎቹ ቋንቋዎች ሁሉም ጉዳይ ስለሚፈጸም ብቻ ትንሹ ቋንቋ ሥራ ፈት ይሆናል። ሥራ የፈታ ቋንቋ ደግሞ በአያት ዘንድ ይነገራል፣ በልጅ ዘንድ ይደመጣል፣ በልጅ ልጅ ዘንድ በአማርኛ ይመለስለታል።

መንግሥታት ለዚህ የሰጡት ምላሽ በየዘመኑ ተለያይቷል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ ስልጢኛ ከእነዚህ አንዱ ነበር፤ ሐረሪ ግን አልነበረበትም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ በቋንቋው የመናገር፣ የመጻፍና ቋንቋውን የማሳደግ መብት እንዳለው ደነገገ፤ በሐረሪ ክልልም ሐረሪ ከኦሮምኛ ጋር የሥራ ቋንቋ ሆነ። ከክልሉ ውጭ የሚኖር ሐረሪ ለሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ድምፁን ሊሰጥ ይችላል። የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ተራራውን ወርዶ ይከተለዋል ማለት ነው፤ የልጁ የንባብ መጽሐፍ ግን እንደዚያ በቀላሉ አይወርድም። ኢራቅ በ1972 እ.ኤ.አ. ሱርስት ለሚናገሩ ዜጎቿ የባህል መብት በአዋጅ ሰጥታ ነበር፤ ዐረብኛ በነገሠባት ባግዳድ ግን ቋንቋውን በየቤቱ መናገር ያው የቤተሰቡ ፈንታ ሆኖ ቀረ። አዋጅ በር ይከፍታል፤ ቤት ውስጥ ገብቶ ግን አያወራም።

ኪነ ጥበብስ ምን አደረገ? የተለመደውን የባህል ትርኢት መመልከት ይበቃል። መድረክ መሪው በአማርኛ ያስተዋውቃል፤ ልጃገረዶች ያሸበረቀ ልብስ ለብሰው ይወጣሉ፤ ከበሮው ይመታል፤ ጌይ ፈቀር ይዘፈናል፤ ጭብጨባው ያስተጋባል፤ ተራው ለሚቀጥለው ብሔረሰብ ይለቀቃል። ግጥሙ ምን አለ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የሚተረጉምም አይቀርብም። ጌይ ፈቀር ምክር፣ ናፍቆትና ትዝብት የተሸከመ ግጥም ሆኖ ሳለ በዚህ ዓይነቱ መድረክ የልብሱ ማጀቢያ ይሆናል። በአንጻሩ የአማርኛው ድራማ ሌላ ቋንቋ ተናጋሪን ሲያመጣ ብዙውን ጊዜ የሚያመጣው አማርኛው ተሰባብሮ እንዲያስቅ ነው። እንዲህ ሲሆን ቋንቋው ወይ ጌጥ ነው ወይ ቀልድ፤ ሰው የሚያስብበት መሣሪያ ሆኖ አይታይም።

ሠርግ ግን የቋንቋ መጨረሻ ብቻ ሳይሆን መነሻም ሊሆን እንደሚችል ድሬዳዋ ራሷ ምስክር ናት። በ1950ዎቹ በዚህችው ከተማ የተመሠረተው የአፍራን ቀሎ ቡድን፣ ኦሮምኛ የሕዝብ መድረክ ባልነበረው ጊዜ በሠርግ ቤት ጀምሮ ዘመናዊ የኦሮምኛ ሙዚቃን አበቀለ። የዚያ ቡድን ልጅ የሆነውና በ2015 ዓ.ም. ያረፈው ዓሊ ቢራ ከኦሮምኛው ሌላ በሐረሪም፣ በሶማሊኛም፣ በአማርኛም፣ በዐረብኛም ዘፍኗል። እነዚያ ወጣቶች የአያቶቻቸውን ዜማ እንዳለ ከመድገም አልፈው በቋንቋቸው አዲስ ነገር ለመናገር ደፈሩ። ልዩነቱን ያመጣው ይህ ድፍረት ነው።

«ተመልካቹ የማይሰማውን ቋንቋ በቲያትር ማን ያያል?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ባዶ አዳራሽ ማንንም አያስተምርም። ሆኖም የድሬዳዋ ተመልካች በሦስት ቋንቋ ገበያ ወጥቶ የሚገባ ሰው ነው። አያቲቱ በሐረሪ የምትቆጣበት፣ አባት በሱቁ በኦሮምኛ የሚከራከርበት፣ ልጅ በአማርኛ የሚያጉረመርምበት ተውኔት ለዚህ ተመልካች እንግዳ አይሆንበትም፤ የጎረቤቱ ቤት ነው። በዚያ ተውኔት ውስጥ ልጁ አያቱን በራሷ ቋንቋ ለመመለስ ቃል የሚያጣበት ቅጽበት፣ ከብዙ የባህል ቀን ንግግር የበለጠ ይናገራል።

ሐረሪዎች ሠርግና ሐዘን የሚረዳዱበት አፎቻ የሚባል የቆየ ማኅበር አላቸው። በዚያ መዋጮ ይሰበሰባል፣ ጥል ይበርዳል፣ ሟች ይነሣል፤ ይህ ሁሉ በቋንቋው ሲሆን ቋንቋው ሥራ አለው። ደራሲው፣ መምህሩና የባህል ሠራተኛው ጆሮአቸውን መጣል ያለባቸው ወደዚህ ነው። የአረጋውያንን ቃል መቅዳት፣ የዘፈኑን ግጥም ከነትርጉሙ ማተም፣ ከትርኢቱ በፊት ወጣቱ የሚዘፍነውን እንዲረዳው ማድረግ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። ይህ ካልተደረገ ግን ልብሱ በሳጥን ውስጥ እንዳማረበት ይቆያል፤ ዘፈኑን የሚረዳ ጆሮ ግን ከአያቶች ጋር ያልቃል።