ያልተበሳ ብረት፦ ፓርከር ሄል 5ሲ በሊ ኤንፊልድ ቁጥር 4 ላይ

ጠመንጃን በስሙ ማወደስ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ውጅግራው፣ ምንሽሩ፣ አልቤኑ በቀረርቶና በፉከራ ስንት ጊዜ ተነስቷል። ስለ ማነጣጠሪያው ግን የተናገረ ብዙ አይገኝም፤ ተኳሹ አልሞ ከመታ ምስጋናው ለዓይኑና ለጀግንነቱ ነው። እዚህ የምዳስሰው ያን ችላ የተባለ ብረት ነው፤ የበርሚንግሃሙ ፓርከር ሄል ኩባንያ ለሊ ኤንፊልድ ቁጥር 4 ጠመንጃ ያዘጋጀውን፣ 5ሲ የተባለውን የዒላማ ማነጣጠሪያ። የእጅ ሥራም እንደ ድርሰት ሊተች ይገባዋል። ሠሪው ምን አሰበ? ምን ተወ? የቱ ጋ ደከመ? እነዚህን መጠየቅ ለብረትም ይሠራል።

ቁጥር 4ን የብሪታንያ ጦር የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው። ጦርነቱ ሲፋፋም በእንግሊዝ አገር በፋዛከርሊ፣ በማልትቢና በሸርሊ፣ በካናዳ በሎንግ ብራንች፣ በአሜሪካ ደግሞ በሳቬጅ ፋብሪካ በሚሊዮኖች ተመረተ። ከእሱ በፊት የነበረው አጭሩ ሊ ኤንፊልድ የኋላ ማነጣጠሪያው በርሜሉ ላይ ስለነበር ከፊተኛው ጋር ያለው ርቀት 50 ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም ነበር። በቁጥር 4 ላይ ወደ ኋላ፣ ወደ ዓይን ተጠግቶ በቀዳዳ ተተካ፤ ርቀቱም ወደ 73 ሴንቲሜትር አደገ። ለአንድ የጦር ሜዳ ጠመንጃ ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ለዒላማ ተኳሽም መልካም መሠረት ጣለለት።

ነገር ግን ጦሩ ያደለው ማነጣጠሪያ አንድ ነገር ይጎድለዋል። ጥሩው ዓይነት በብሎን ከ200 እስከ 1300 ያርድ ከፍ ዝቅ ይላል። በጦርነቱ ጊዜ ሥራን ለማቅለል የመጣው ደግሞ አንዱ ቀዳዳ ለ300፣ ሌላው ለ600 ያርድ የሆነ ተገልባጭ ቁራጭ ብረት ነው። አንዳቸውም ወደ ግራና ወደ ቀኝ አይሄዱም። ጥይቱ ወደ ቀኝ ካዘነበለ፣ አፈሙዙ ጫፍ ላይ የቆመችውን ጉጥ በልዩ መሣሪያ ገፍቶ ወደ ቀኝ ማንሸራተት ግድ ነው። አንዴ ተስተካክሎ ለሚተው የወታደር ጠመንጃ ይህ ይበቃል። ነፋሱ በሁለት ጥይት መካከል በሚለወጥበት የውድድር ሜዳ ግን የማይታሰብ ነው።

እዚህ ላይ ቁጥሩን ማየት ይጠቅማል። የማዕዘን ልክ የሆነችው አንዲት ደቂቃ በ100 ሜትር ርቀት ላይ 2.9 ሴንቲሜትር ያህል ናት። ጥይቱን በዚያ ልክ ለማዛወር ማነጣጠሪያው ላይ የሚያስፈልገው እንቅስቃሴ ግን ከ0.2 ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ሁለት ወረቀት ቢደራረብ ነው። በመዶሻም ሆነ በጣት ይህን ያህል ለክቶ የሚገፋ ሰው የለም። 5ሲ ያንን ክፍተት በብሎን ጥርስ ከፋፍሎ ለጣት አመቸው። አንዱ ማዞሪያ ለከፍታ፣ ሌላው ለጎን ነው። ማዞሪያው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ሲዞር ቀጭ ቀጭ ይላል። ተኳሹ የነፋሱን ባንዲራ እያየ በጣቱ ይቆጥራል፤ ጎንበስ ብሎ መስመሩን ማንበብ የሚያስፈልገው ቆጠራው ከጠፋበት ብቻ ነው። የዚህ ሥራ የመጀመሪያ ውበት ይህ ይመስለኛል።

ሁለተኛውና ለእኔ የሚበልጠው ውበት ግን ጠመንጃውን ያለመንካቱ ነው። 5ሲ የሚታሰረው በጠመንጃው ግራ ጎን፣ ሠራዊቱ ራሱ አስቀድሞ በበሳቸው ቀዳዳዎች ነው፤ የድሮው ማነጣጠሪያ ይዞርበት የነበረው ቀዳዳም አብሮ ያገለግላል። ትራፓኖ አይጠይቅም፤ ብየዳም አይፈልግም። የስዊዘርላንድ ሰዎች በኬ31 ጠመንጃቸው ላይ የዒላማ ማነጣጠሪያ ሲያስሩ እንዲሁ ሳይበሱ በሚቆነጥጥ ማሰሪያ ነው፤ ያም የሚደነቅ ነው። ከዚህ በተቃራኒ ስንት አሮጌ ጠመንጃ አናቱ ተበስቶ፣ ታሪኩ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ጠፍቶ ቀርቷል! የተበሳ ብረት አይመለስም። 5ሲ የታሰረበት ቁጥር 4 ግን ብሎኖቹ ተፈትተው በዚያኑ ቀን የወታደር ጠመንጃነቱን ያገኛል።

ይህ ቁጥብነት ከውድድር ደንብም ጋር ይስማማል። በ1860 በዊምብልደን ተጀምሮ በ1890 ወደ ቢዝሊ በዞረው የእንግሊዝ ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር ውድድር ሰርቪስ ራይፍል ቢ የሚባል ምድብ ነበር። በዚያ ምድብ ጠመንጃው የጦር ሠራዊት ጠመንጃ ሆኖ የኋላ ማነጣጠሪያውን በዒላማ ማነጣጠሪያ መተካት ይፈቀድ ነበር። 5ሲን የሚመስሉ ሥራዎች ያደጉት በዚህ አጥር ውስጥ ነው። እዚያው በርሚንግሃም የነበረው ተፎካካሪ፣ ኤ ጄ ፓርከር፣ ለቁጥር 4 ያወጣው 4/47ም የዚሁ ዘር ነው።

ወደ አገጣጠሙ ስመጣ ግን ምስጋናዬን መቆጠብ አለብኝ። «ያለ ሥራ ይገጥማል» የሚባለው በወረቀት ላይ ነው። ይህን ጠመንጃ በጦርነት ጥድፊያ በሦስት አገር የሚገኙ ፋብሪካዎች ሠርተውታል፤ የጎኑ ግድግዳ በአንዱ ላይ ለስላሳና ቀጥ ያለ፣ በሌላው ላይ የመሣሪያ ጭረት የበዛበት ነው። የ5ሲ ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ሙሉ በሙሉ ካልተኛ ብሎኑ ሲጠብቅ ሰሌዳው ይጣመማል፤ ከዚያም ከፍታውን ሲያዞሩት ቀዳዳው ቀጥ ብሎ በመውጣት ፋንታ ወደ ጎን እያዘነበለ ይወጣል። ተኳሹ ነፋስ ነው ብሎ የሚራገመው ብዙ ጊዜ ይህን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ብሎኑን ሳያጠብቁ ሰሌዳውን አስጠግቶ ከኋላው በብርሃን ማየት ነው። ብርሃን ካለፈ ሰሌዳውን በስስ ቁራጭ ብረት መደገፍ ወይም እሱኑ በጥሩ ሞረድ በጥቂቱ መንካት ይቻላል። ሞረዱ ጠመንጃውን መንካት የለበትም፤ ተለዋጭ የሚገኘው ለሰሌዳው ነውና። ከጠመንጃው የወጣው የድሮው ማነጣጠሪያ ደግሞ ከነፒኑ፣ ከነሞላው በአንድ ከረጢት ተቋጥሮ ይቀመጥ።

ሌላው ጉድለት ከአቀማመጡ ይመነጫል። ክብደቱ ሁሉ በአንድ ጎን ተንጠልጥሏል፤ ጠመንጃው በተተኮሰ ቁጥር ብሎኖቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ እየላሉም ይሄዳሉ። በብሎኑ ጭንቅላትና በሰሌዳው ላይ በቀጭን ብሩሽ አንድ የቀለም መስመር ማስመር ይበጃል፤ መስመሩ ከተቆረጠ ብሎኑ ዞሯል ማለት ነው። ያረጀ 5ሲ ደግሞ ጥርሱ ተበልቶ ልቅነት ይኖረዋል፤ ማዞሪያው ቀጭ ቢልም ቀዳዳው ላይነቃነቅ ይችላል። መድኃኒቱ ሁልጊዜ ከአንድ አቅጣጫ መድረስ ነው፤ ወደ ኋላ መመለስ ሲያስፈልግ ከሚፈለገው ልክ አልፎ ሄዶ በዚያው አቅጣጫ እንደገና መምጣት።

ስለ ቀዳዳው ብዙ ማለት እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ዕድሜው የገፋ ተኳሽ ሁሉ ጉዳዩ ነው። የጦርነቱ ቀዳዳ 5 ሚሊሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ለፈጣን ተኩስ የተመቸ ነው። የዒላማው ቀዳዳ ወደ 1 ሚሊሜትር ይጠጋል። ጠባብ ቀዳዳ ወደ ዓይን የሚገባውን ብርሃን ስለሚያጠብ የፊቱን ጉጥና ሩቁን ዒላማ በአንድነት ያጠራል፤ ቅርቡን ማየት የተሳነው የሃምሳ ዓመት ዓይን ጉጧን ጥርት አድርጎ ያያል። ደመና ሲሆን ግን ጠባቡ ቀዳዳ ሁሉን ያጨልማል። ፓርከር ሄል ለዚህ ያቀረበው፣ በጣት እየዞረ ስድስት የተለያዩ ቀዳዳዎችን የሚያፈራርቅ ክብ ሰሌዳ ከ5ሲ ራሱ ይልቅ የሚያኮራ ሥራ ነው እላለሁ። ማነጣጠሪያውን ያለዚህ ሰሌዳ የገዛ ሰው ግማሹን ነው የገዛው።

የፊቱ ማነጣጠሪያስ? ክቡን ጥቁር ዒላማ በቀለበት መክበብ ለዓይን ቀላል ነው፤ በአሮጌ ጠመንጃ ላይ ግን ጉጧን በጥቀርሻ አጥቁሮ ከዒላማው ሥር ማስቀመጥ ይበቃል ባይ ነኝ። ጉጧ በ0.38 ሚሊሜትር ልዩነት ደረጃ ደረጃ ትሠራለች። አንድ ደረጃ በ100 ሜትር ላይ ጥይቱን 5 ሴንቲሜትር ያህል ያዛውረዋል። 5ሲ ከፍታው አልበቃ ወይም አልወርድ ካለ መፍትሔው እሷን መቀየር ነው።

የሥራው ትልቁ ድካም ግን ከሥራው ውጪ ነው። የደቂቃን ሽራፊ የሚለካ ማዞሪያ፣ እንጨቱ ከበርሜሉ ጋር ባልተስማማ ጠመንጃ ላይ ምንም አይፈይድም። የቁጥር 4 የፊት እንጨት በርሜሉን አፈሙዙ አጠገብ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ እርጥበት ሲያገኘው ግፊቱ ይለወጣል፤ ምቱም አብሮ ይንከራተታል። የቢዝሊው የፉልተን ቤተሰብ ስሙን ያተረፈው ይህን በማስተካከል ነው። አርተር ፉልተን በቢዝሊው ውድድር «የንጉሡን ሽልማት» በ1912፣ በ1926ና በ1931 ሲወስድ ተኳሽም የጠመንጃ ሠሪም ነበር። ስለዚህ 5ሲን የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ሲከፍል መጀመሪያ ለእንጨቱ ይክፈል።

ገበያ ላይ የሚገኘው 5ሲ አብዛኛው ያገለገለ ነው፤ ብሎኖቹም ብዙ ጊዜ ጎድለው ይገኛሉ። የኤንፊልድ ብሎን ጥርስ ከተራ የብሎን መደብር ከሚገኘው የተለየ ነው፤ በግድ የተጠመዘዘ ተመሳሳይ ብሎን የጠመንጃውን ቀዳዳ ጥርስ ይበላዋል። ብሎኑ የጎደለውን በርካሽ ከመግዛት የተሟላውን በእጥፍ መግዛት ይሻላል፤ ካልሆነም ልኩን የሚያውቅ ቶርኖ ቤት አሠርቶ መግጠም ነው።