የጤና ምዘና መጠይቅ በእንሰት አምራቾች መንደር፦ ሒሳዊ ምልከታ

ሩማቶይድ አርትራይተስ የሰውነት የመከላከያ ኃይል በራሱ በሰውነት መገጣጠሚያዎች ላይ ሲነሣ የሚፈጠር ሥር የሰደደ ብግነት ነው። ሴቶችን ከወንዶች ይልቅ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያጠቃል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከእጅ ሲሆን የጣቶች ሥርና መካከለኛ መገጣጠሚያዎች እንዲሁም የእጅ አንጓዎች በግራም በቀኝም ያብጣሉ፣ ይሞቃሉ፣ ይጠዘጥዛሉ። ታማሚው ግን ወደ ጤና ተቋም ሲመጣ ይህን የሕክምና ቋንቋ ይዞ አይመጣም። «ብርድ መታኝ»፣ «ቁርጥማት ያዘኝ»፣ «ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አልታጠፍ አሉኝ» ይላል። ከዚህ ንግግር ተነሥቶ በሽታው በዕለት ኑሮ ላይ ያደረሰውን ጉዳት መለካት የባለሙያው ፈንታ ነው። ለዚህ ተግባር በዓለም ላይ በስፋት ከሚሠራባቸው መሣሪያዎች አንዱ «የጤና ምዘና መጠይቅ» በመባል የሚታወቀው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መጠይቁን እንደ አንድ ድርሰት አንብቦ፣ በጉራጌ ዞን በጉብሬና በአካባቢዋ ካለው የቤት ሥራ ጋር በማነጻጸር ብርታቱንና ጉድለቱን ማሳየት ነው።

የመጠይቁ ይዘትና ውለታ

መጠይቁ በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በዶክተር ጄምስ ፍራይስና በባልደረቦቻቸው ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1980 ታተመ። የአካል ተግባርን የሚመዝነው ክፍል 20 ጥያቄዎች ሲኖሩት በስምንት ምድቦች ተከፍለዋል። እነርሱም መልበስና ራስን ማሰናዳት፣ ከመቀመጫና ከመኝታ መነሣት፣ መመገብ፣ መራመድ፣ ንጽሕና፣ እጅን ዘርግቶ ዕቃ ማውረድና ጎንበስ ብሎ ማንሣት፣ መጨበጥ እንዲሁም ልዩ ልዩ የዕለት ተግባራት ናቸው። ታማሚው ባለፈው አንድ ሳምንት እያንዳንዱን ተግባር እንዴት እንዳከናወነ ይጠየቃል። «ያለ ምንም ችግር» ካለ 0፣ «በመጠነኛ ችግር» ካለ 1፣ «በብዙ ችግር» ካለ 2፣ «ፈጽሞ አልችልም» ካለ 3 ይሰጠዋል። ከየምድቡ ከፍተኛው ነጥብ ይወሰዳል። በምድቡ ውስጥ ያለው ተግባር በድጋፍ መሣሪያ ወይም በሌላ ሰው እርዳታ የሚከናወን ከሆነ የምድቡ ነጥብ ቢያንስ ወደ 2 ከፍ ይላል። በመጨረሻም ድምሩ መልስ ላገኙት ምድቦች ብዛት ይካፈልና ከ0 እስከ 3 የሚደርስ አንድ ቁጥር ይገኛል።

የመጠይቁ ውለታ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ቀደም ሲል የሐኪሙ ዓይን ያተኩር የነበረው በኢኤስአር ውጤት፣ በራጅ ፊልምና ባበጡ መገጣጠሚያዎች ቁጥር ላይ ነበር። መጠይቁ የታማሚውን የራሱን ምስክርነት በቁጥር ሊጻፍ የሚችል መረጃ አደረገው። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶችም ይህ ቁጥር ማን ከሥራ ውጭ እንደሚሆንና ማን ዕድሜው ሊያጥር እንደሚችል አስቀድሞ በማመልከት ረገድ ከራጅ ፊልም የማያንስ ጥቅም እንዳለው አሳይተዋል። ላቦራቶሪ አይሻም፣ ወጪ የለውም፣ የሚወስደውም ጥቂት ደቂቃ ነው። ስለዚህ ራጅም ሆነ የሩማቶይድ ፋክተር ምርመራ በሌለበት ጤና ጣቢያ ከማናቸውም በላይ ተፈላጊ ሊሆን የሚገባው መሣሪያ ነው። የሚተቸውም ሐሳቡ ሳይሆን ሐሳቡ የተገለጸባቸው ጥያቄዎች ናቸው።

ጥያቄዎቹ የሚያሳዩት ቤት

ጥያቄዎቹን በተርታ ያነበበ ሰው በዓይነ ሕሊናው አንድ ቤት ይታየዋል። ነዋሪው የጫማ ማሰሪያና ቁልፍ ያስራል፣ ከቀጥ ያለ ወንበር ይነሣል፣ ሥጋውን በቢላዋ ይቆርጣል፣ አዲስ የወተት ካርቶን ይከፍታል፣ በመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ገብቶ ይታጠባል፣ ከመደርደሪያ ላይ ባለ 5 ፓውንድ የስኳር ከረጢት ያወርዳል፣ የመኪና በር ይከፍታል፣ በኤሌክትሪክ መጥረጊያ ወለል ያጸዳል። ይህ በአሜሪካ ከተማ ዳር የሚገኝ ቤት ነው። መጠይቁ ለዚያ ቤት ነዋሪ የተዘጋጀ በመሆኑ በዚያ ቤት ውስጥ ጥፋት የለበትም። ችግሩ የሚመጣው ጥያቄዎቹ ቃል በቃል ተተርጉመው ሌላ ቤት ሲገቡ ነው።

ጉብሬ ከወልቂጤ አጠገብ፣ ከአዲስ አበባ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ትገኛለች። በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ እንደ መሆኗ ተማሪና መምህር የሚመላለስባት ሥፍራ ናት። ከዩኒቨርሲቲው አጥር ውጭ ባሉት መንደሮች ግን የቤተሰቡ ኑሮ የቆመው በእንሰት ላይ ነው። እንሰት የሚፋቀው በሴቶች እጅ ነው። ፋቂዋ በተጋደመ ሳንቃ ፊት መሬት ላይ ትቀመጣለች፤ ከግንዱ የተላጠውን ሽፋን በአንድ እግሯ ተረከዝ ሳንቃው ላይ ትይዝና ሁለት እጇን በቀርከሃ መፋቂያው ላይ አድርጋ ከላይ ወደ ታች በኃይል ትፍቃለች። ከመሬት በታች ያለው ወፍራም ክፍል በጥርሳም እንጨት ይከተከታል። የተፋቀው በጉድጓድ ውስጥ በቅጠል ተሸፍኖ ከተብላላ በኋላ ይጨመቃል፣ ቃጫው እንዲበጣጠስ በቢላዋ ይከተፋል፣ ይነፋል፣ ከዚያም ቆጮው በምጣድ ይጋገራል። ጣት፣ የእጅ አንጓ፣ ክርን፣ ጉልበትና ዳሌ በአንድነት ካልታዘዙ ይህ ሥራ አይሠራም። ሩማቶይድ አርትራይተስ ደግሞ ቀድሞ የሚይዘው ከእነዚሁ መካከል ጣትንና የእጅ አንጓን ነው።

አንድ ምሳሌ በቁጥር

ጉዳዩን ለማብራራት አንዲት የ45 ዓመት እናት በምሳሌነት ይወሰዱ። እኚህ እናት የሁለቱም እጆቻቸው መገጣጠሚያዎች አብጠዋል፤ እንሰት መፋቅ ካቆሙም አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። መጠይቁ ቃል በቃል ሲነበብላቸው የሚሰጡት መልስ የሚከተለውን ይመስላል። ጫማቸው ማሰሪያ የለውም፤ ፀጉር ሲታጠቡ መጠነኛ ችግር ስላለ ምድቡ 1 ያገኛል። ከመኝታ መነሣትም እንዲሁ 1። የወተት ካርቶን ከፍተው አያውቁም፣ ስኒ ወደ አፍ ማንሣት ግን አላቃታቸውም፤ 0። ሜዳ ላይ ይራመዳሉ፤ 0። የመታጠቢያ ገንዳ የለም፣ ሰውነታቸውን ግን ይታጠባሉ፤ 0። ከፍ ካለ ቦታ ዕቃ ማውረድ መጠነኛ ችግር አለው፤ 1። የመኪና በር አይከፍቱም፣ የቧንቧ መክፈቻ ግን ያዞራሉ፤ 0። ገበያ ይሄዳሉ፤ 0። ድምሩ 3 ሲሆን ለ8 ሲካፈል 0.38 ይመጣል። ይህ ቁጥር በተለመደው አተረጓጎም ቀላል ጉዳት ማለት ነው። የአንድ ቤት ዋና የምግብ ምንጭ ከእጃቸው መውጣቱን የሚናገር አንድም ጥያቄ አልቀረበላቸውም።

ሁለተኛው ችግር «የሌላ ሰው እርዳታ» የሚለው ሐረግ ነው። መጠይቁ እርዳታን የአካል ጉድለት ምልክት አድርጎ ይቆጥራል። በጉራጌ ቤት ግን ልጅ ለእናቷ ውኃ የምታፈሰው፣ ምራት የከበደውን ዕቃ የምታነሣው፣ ጎረቤቶች ተሰባስበው እንሰት የሚፍቁት ሕመም ኖረም አልኖረም ነው። ሌላ ባለሙያ እኚህኑ እናት ጠይቆ በንጽሕና፣ ዕቃ በማውረድና በዕለት ተግባራት ረገድ ልጃቸውና ምራታቸው እንደሚያግዟቸው ቢመዘግብ ሦስቱ ምድቦች ወደ 2 ያድጋሉ። ድምሩ 8፣ ውጤቱም 1.0 ይሆናል። ታማሚዋ አንድ ናቸው፤ ሳምንቱም አንድ ነው። በሁለቱ ውጤቶች መካከል ያለው ልዩነት 0.62 ሲሆን ለታማሚው ትርጉም ያለው ለውጥ ተብሎ በአብዛኛው ከሚወሰደው 0.22 ሦስት እጥፍ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። ጠያቂው በተለዋወጠ ቁጥር ውጤቱ እንዲህ የሚለዋወጥ ከሆነ የበሽታውን ጉዞ በእርሱ መከታተል አይቻልም።

ሰዓትና ድካም

ሦስተኛው ጉድለት የጊዜ ነው። የዚህ በሽታ ታማሚ በማለዳና በቀትር አንድ ዓይነት ሰው አይደለም። ጣቶቹ ሌሊት ደርቀው ያድራሉ፤ እስኪፍታቱም አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ የምደባ መሥፈርት ቢያንስ አንድ ሰዓት የሚቆይ የጠዋት መገተርን ያካትት ነበር፤ በ2010 የወጣው አዲሱ መሥፈርት ግን አውጥቶታል። ለምደባ ባያስፈልግም እንኳ ኑሮን ለመረዳት ያስፈልጋል። የገጠር ሴት ሥራ የሚከብደው በዚያችው ሰዓት ነውና። እሳት ማቀጣጠል፣ ውኃ መቅዳት፣ ቡና ወቅጦ ማፍላት፣ ልጆችን ለትምህርት ቤት ማሰናዳት ሁሉም የማለዳ ተግባራት ናቸው። «ባለፈው ሳምንት ችለዋል ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ በቀትር የቻለ ሰው «አዎን» ይላል። ጎሕ ሲቀድ ሙሉ ጀበና ማንሣት አቅቷት ልጇን የቀሰቀሰች እናት ችግር በዚህ «አዎን» ውስጥ ይሰወራል።

ድካምም እንዲሁ ነው። ኦሜራክት በተባለው ዓለም አቀፍ የሩማቶሎጂ የመለኪያ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2002 ታማሚዎች ራሳቸው ሲሳተፉ ባለሙያዎች ችላ ብለውት ከነበሩት ችግሮች መካከል ጎላ አድርገው ያነሡት ድካምን ነበር። ከ20ዎቹ ጥያቄዎች ግን አንዱም ስለ ድካም አይጠይቅም።

የአጠያየቅ ችግር

መጠይቁ ታማሚው ራሱ አንብቦ እንዲሞላው የታሰበ ነው። ማንበብ ለማይችል ታማሚ ባለሙያው ሲያነብለት ግን የጽሑፍ መጠይቅነቱ ቀርቶ በሁለት ሰዎች መካከል የሚደረግ ጭውውት ይሆናል። ጠያቂው ወጣት ወንድ፣ ተጠያቂዋ እናት፣ ቋንቋው ከጉራጊኛ ይልቅ አማርኛ፣ አጠገብ የቆመውም ባል ወይም አማት ሲሆን የመጀመሪያው መልስ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው። ይህ መልስ ሰላምታ እንጂ የምርመራ ውጤት አይደለም፤ 0 ተብሎ ሊመዘገብ አይገባም።

በሰላምታ ጊዜ ከቃል ይልቅ እጅ ሊናገር ይችላል። ሥራ ላይ ያለች ሴት እጇ ያልታጠበ እንደሆነ ጣቶቿን ሰብስባ የእጇን አንጓ ለሰላምታ መዘርጋቷ የታወቀ ልማድ ነው። ታጥባ ወደ ጤና ጣቢያ የመጣች ታማሚ እንዲሁ ካደረገች ጣቶቿ መጨበጥን ፈርተው ሊሆን ይችላልና ባለሙያው ልብ ሊለው ይገባል።

ምን ይደረግ?

ጥያቄዎቹ ከተለወጡ ውጤቱን ከሌላው ዓለም ጋር ማወዳደር አይቻልም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ ሆኖም መልስ አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 የሕንድ ሐኪሞች ይህንኑ መጠይቅ ለአገራቸው አስማምተው አሳትመዋል። በ12 ጥያቄዎች በተዘጋጀው በዚህ መጠይቅ ልብስ ማለት ሳሪና ዶቲ ሆነ፤ በመጸዳጃ ቤት ቁጢጥ ማለት ወይም መሬት ላይ እግርን አጣጥፎ መቀመጥም ገባበት። አራቱ የመልስ ደረጃዎች ግን እንደነበሩ ቆዩ። የተረጎሙት ቃሉን ብቻ ሳይሆን ኑሮውንም ነው።

በጉብሬም ቢሆን አጽሙን ሳይነኩ ሥጋውን መለወጥ ይቻላል። መቀነት መታጠቅ፣ ከበርጩማ ወይም ከመሬት መነሣት፣ እንጀራ ወይም ቆጮ ቆርሶ መጉረስ፣ ዳገት ወጥቶ ገበያ መድረስ፣ መጸዳጃ ላይ ቁጢጥ ብሎ መነሣት፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማንሣት፣ ከሙሉ ጀበና መቅዳት፣ ልብስ መጭመቅ፣ እንሰት መፋቅ፣ ለወንዶች ደግሞ መቆፈርና እንጨት መፍለጥ ምድቦቹን ሊሞሉ የሚችሉ ተግባራት ናቸው። ለእነዚህም ሦስት አጫጭር ጥያቄዎች ቢታከሉ መልካም ነው። እነርሱም «በማለዳስ?»፣ «በፊት ራስዎ ይሠሩት የነበረውን አሁን የተረከበው ማን ነው?» እና «ሥራውን ሲጨርሱ ምን ያህል ይደክምዎታል?» የሚሉት ናቸው። ሁለተኛው ጥያቄ ልማዳዊ መረዳዳትን ሕመም ካመጣው እርዳታ ይለያል። እርግጥ እንዲህ ያለ መጠይቅ በብዙ ታማሚዎች ላይ ተፈትኖ አስተማማኝነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ውጤቱ ከውጭ አገር ቁጥሮች ጋር መወዳደር የለበትም። አንዱን ታማሚ ከራሱ ያለፈ ወር ጋር ለማነጻጸር ግን ከወዲሁ ይረዳል።

ጉዳዩ የቃላት ምርጫ ብቻ አይደለም። የአጥንት መሸርሸር በብዙ ታማሚዎች ላይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ ይጀምራል፤ የተሸረሸረውም ተመልሶ አይገነባም። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰደውን ሜቶትሬክሴት ለመጀመር፣ መጠኑን ለመጨመር ወይም ታማሚውን ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ለመላክ ከሚረዱት ነገሮች አንዱ የአካል ተግባር መጓደል ነው። በምሳሌነት የተወሰዱት እናት በካርዳቸው ላይ 0.38 ተጽፎላቸው ማስታገሻ ብቻ ይዘው ወደ ቤታቸው ቢመለሱ የሚያልፋቸው ይህ ጊዜ ነው። መፋቂያውን በአንድ ወቅት ለምራታቸው ማስረከባቸውን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ካርዱ ላይ ሊሰፍር የሚችለው ግን ባለሙያው ከጠየቃቸው ብቻ ነው።