መርፌዋ ሬንጁን ስትነካ

ርዝመቷ 50 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ውፍረቷ ከ1 ሚሊ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ፣ ክብደቷ ከብረት መያዣዋ ጋር 2.5 ግራም ነው። በሙቀት ታክሞ ከጠነከረ የማይዝግ ብረት የተሠራች ናት። ታችኛው ጫፏ 9 ዲግሪ አካባቢ በሆነ አንግል እየቀጠነ ይወርድና ሊሾል ሲል ይቆረጣል። ከሩቅ ላየው ሰው ሹል ነው። በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ግን ስፋቱ ከ0.14 እስከ 0.16 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ክብ ነው። ሠሪው የተፈቀደለት ልዩነት 2 መቶኛ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እስከ መጨረሻው የሾለ መርፌ ምን ያህል እንደሾለ ለክቶ መናገር ይቸግራል፤ በልክ የተቆረጠ ጫፍ ግን ይለካል። አዲስ አበባ ያለ ላብራቶሪና ቶኪዮ ያለ ላብራቶሪ አንድ ዓይነት መርፌ እንዲይዙ የሚያደርገውም ይኸው ነው። በመንገድ ሥራ ውስጥ ካየኋቸው ዕቃዎች ሁሉ የዚህችን መርፌ ያህል የማደንቀው የለም።

ሥራዋ ሬንጅ መውጋት ነው። ከምትታሰርበት ዘንግ ጋር 50 ግራም ትመዝናለች፤ ሌላ 50 ግራም ይደረብባትና ድምሩ 100 ይሆናል። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ በረጋ የሬንጅ ናሙና ላይ ለ5 ሰከንድ ትለቀቃለች። ምን ያህል እንደገባች በሚሊ ሜትር አሥረኛ ይቆጠራል፤ 6.5 ሚሊ ሜትር ከገባች ውጤቱ 65 ነው። ባለሙያዎች ፈተናውን ፔኔትሬሽን ይሉታል። በየበርሜሉ ላይ 60/70 ወይም 80/100 ተብሎ የሚጻፈው ቁጥርም ከዚሁ የመጣ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ሬንጁ ጠንካራ፣ ሲበዛ ለስላሳ ነው።

ልዩነቱ መንገድ ላይ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ለሚፈልግ ከደብረ ብርሃን እስከ ሚሌ ያለው ጉዞ በቂ ነው። ጣርማ በር ላይ ጉሙና ብርዱ ካፖርት ያስለብሳል። ከዚያ በኮምቦልቻና በባቲ በኩል ወደ አፋር ሲወረድ ሙቀቱ ካናቴራ እንኳ ያስወልቃል። ሹፌሩ በአንድ ቀን ውስጥ ልብሱን ይቀያይራል፤ ሬንጁ ግን አንድ ጊዜ ከተነጠፈበት ቦታ ሆኖ ዓመት ከዓመት የመጣበትን መቀበል አለበት። ደጋ ላይ ከልኩ በላይ ደረቅ ከሆነ ሌሊት በብርድ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ዝናብ ይገባል። ቆላ ላይ ከልኩ በላይ ለስላሳ ከሆነ ደግሞ ከጅቡቲ ወደብ ጭነት ይዘው በሚወጡ ከባድ መኪኖች ጎማ ሥር እየተገፋ ቦይ ይሠራል። በተለይ ዳገት ላይ መኪናው ሲያዘግም ክብደቱ በአንድ ቦታ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚያርፍ ጉዳቱ ይብሳል። ኢትዮጵያ የነዳጅ ማጣሪያ ስለሌላት ሬንጁ ከውጭ ነው የሚመጣው። ስለዚህ በርሜሉ ላይ የተጻፈው ቁጥርና በርሜሉ ውስጥ ያለው ነገር አንድ መሆናቸውን የሚያረጋግጠው እዚህ ያለው ላብራቶሪ ነው።

ይህ ፈተና ከመፈልሰፉ በፊት የአስፋልት ባለሙያዎች የሬንጁን ጥንካሬ የሚለዩት በማኘክ ነበር። ቁራሹን አፋቸው ውስጥ ይከቱና በጥርሳቸው ይመዝኑታል። ሊጡ መድረሱን በጣቷ ነክታ እንደምታውቅ እናት ልምድ ያለው ሰው በዚህ መንገድ ብዙ ያውቃል፤ ችግሩ የሚያውቀውን ለሌላ ሰው በቁጥር ማስተላለፍ አለመቻሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 በአሜሪካው ባርበር አስፋልት ፔቪንግ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኤች. ሲ. ቦወን ቁጥር 2 የልብስ መስፊያ መርፌ ሬንጅ ውስጥ ምን ያህል እንደምትገባ የሚለካ መሣሪያ ሠራ። በ1903 ኤ. ደብሊው ዳው የተባለው ባለሙያ ዘዴውን አሻሻለው። ዛሬ ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. ዲ5 ወይም አሽቶ ቲ49 በሚል መለያ የሚታወቀው የፈተና ደንብ የእነዚህ ሰዎች ሥራ ተወላጅ ነው። 25 ዲግሪ የሚለው ልክም በፋራናይት 77 ከሚለው ከጥንቱ አሠራር የተወረሰ ነው።

ደንቡን ያነበበ ሁሉ ፈተናውን ይሠራል፤ በጥሩ እጅ ሲሠራ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። በአንድ የመንገድ ፕሮጀክት ካምፕ ውስጥ፣ ብዙ ዘመን በዚህ ሥራ የቆየ ቴክኒሻን አንድ ወጣት ረዳቱን ሲያሠለጥን ቆሜ አይቻለሁ። መጀመሪያ ያስተዋልኩት የአማሳሰሉን ዝግታ ነበር። ሬንጁ እስኪፈስ ድረስ ይሞቃል፤ ነገር ግን ሙቀቱ ከመለስለሻ ነጥቡ በ90 ዲግሪ ማለፍ የለበትም። የ60/70 ሬንጅ 50 ዲግሪ አካባቢ ስለሚለሰልስ ጣሪያው 140 ገደማ ነው ማለት ነው። እሳቱ ላይ የሚቆይበትም ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ከዚያ በላይ ከሞቀ ቀላል ክፍሎቹ ይተናሉ፣ የቀረውም ከአየር ጋር ተዋህዶ ይደርቃል፤ ያን ጊዜ መርፌዋ የምትለካው ከበርሜሉ የመጣውን ሬንጅ ሳይሆን ምጣዱ ላይ ያረጀውን ነው። ቴክኒሻኑ ማማሰያውን ከሥር እየጠረገ፣ ከላይ ግን ፊቱን ሳይሰብር ያዞር ነበር። ፊቱ ከተሰበረ አየር ይገባል፤ አየሩ አረፋ ይሆናል፤ መርፌዋ አረፋ ላይ ካረፈች ቁጥሩ ይዋሻል።

ስፋቷ 55፣ ጥልቀቷ 35 ሚሊ ሜትር በሆነች የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ሬንጁን ሲቀዳ ክሩ ሳይቋረጥ በአንድ ምት ሞላ። ከዚያ ሁለተኛ ጣሳ ቀዳ። ሁለቱንም አቧራ እንዳይነካቸው በተገለበጠ ብርጭቆ ከደናቸው። ቢያንስ ለ1 ሰዓት አየር ላይ፣ ከዚያም ሌላ 1 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ በውሃ ገንዳ ውስጥ ይቆያሉ። ይህን ጥበቃ ለማሳጠር የሚደረግ ማንኛውም ብልሃት ውጤቱን ያበላሻል። የጣሳው ዳር ሲቀዘቅዝ መሀሉ ገና ሊሞቅ ይችላልና።

የውሃ ገንዳው ጉዳይ ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ነው። ደንቡ የሚፈቅደው የሙቀት ልዩነት ከ25 ዲግሪ ወደ ላይም ወደ ታችም አንድ አሥረኛ ዲግሪ ብቻ ነው። ምክንያቱን በቁጥር ማየት ይሻላል። ለመንገድ የሚውል ሬንጅ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሲጨምር ፔኔትሬሽኑ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ትክክለኛ ውጤቱ 65 የሆነ ሬንጅ ውሃው 26 ዲግሪ ከሆነ 71 ወይም 72 ይነበባል፤ 24 ከሆነ ደግሞ 59። ደህናው ሬንጅ በአንዲት ዲግሪ ስህተት ብቻ ከ60/70 በላይም በታችም ሊወጣ ይችላል። ቆላ ውስጥ የክፍሉ ሙቀት 35 ሲያልፍ፣ ማሞቂያ እንጂ ማቀዝቀዣ የሌለው ገንዳ በራሱ 25 ላይ ሊቆም አይችልም። ያን ጊዜ ሥራው የሰው ነው፤ በረዶ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ፣ ውሃውን እያማሰሉ፣ ዓይንን ከቴርሞሜትሩ ሳይነቅሉ መቆም። ይህን በትዕግሥት የሚያደርግ ሰው ስሙ በመንገዱ ምረቃ ላይ አይጠራም። ሊጠራ ይገባው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ናሙናው ከገንዳው ሲወጣ ደረቅ ሆኖ አይደለም፤ በትንሽ ሳህን ውስጥ ውሃው እንደሸፈነው መርፌዋ ወደተሰቀለችበት መሣሪያ፣ ወደ ፔኔትሮሜትሩ፣ ይመጣል። ከዚያ የሥራው ሁሉ እምብርት የሆነው ነገር ይጀምራል። የመርፌዋ ጫፍ የሬንጁን ፊት መንካት አለበት፤ መግባት ግን የለበትም። ሬንጁ ጥቁርና አንጸባራቂ ስለሆነ መብራት በጎን ሲያበሩበት መርፌዋ ከሥሯ የራሷን ምስል ታያለች። እውነተኛዋ ከላይ ትወርዳለች፣ ምስሏ ከታች ትወጣለች፤ ሁለቱ ጫፎች የተገናኙበት ቅጽበት የመነካካት ቅጽበት ነው።

«ጋሼ፣ ነካች?» አለ ረዳቱ፣ ማስተካከያውን ይዞ።

«አልነካችም። ክፍተቱ ይታየኛል። ጥላዋን ጫፏ ላይ እስክታገኝ ድረስ አውርዳት፤ አትቸኩል።»

ወጣቱ ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ከሬንጁ ፊት ጋር አስተካከለ። ብሎኑን የሚያዞረው በጣቱ ጫፍ ነበር። በመካከሉ ያለው ብርሃን ቀጠነ፣ ጠፋ። መርፌዋ ከፍ ብላ ብትቀር ስትለቀቅ ፍጥነት ይዛ ትወርዳለች፤ ዝቅ ብትል ቆጠራው ሳይጀመር ገብታለች። ጌጁን ዜሮ ላይ አደረገ፣ ቁልፉን ተጫነ፣ 5 ሰከንድ ቆጥሮ ለቀቀ። ዘንጉ ሲወርድ ድምፅ የለውም። አሮጌው ዓይነት መሣሪያ ስለሆነ ጣቱና የሰዓት መቁጠሪያው እኩል መነሳት ነበረባቸው።

አንድ ጣሳ ላይ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይወጋል። ቦታዎቹ ከጣሳው ግድግዳም እርስ በርሳቸውም ቢያንስ 10 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፤ ቀድሞ የተወጋ ቦታ ጎረቤቱን ያዳክመዋልና። ለእያንዳንዱ ንፁህ መርፌ ያስፈልጋል። በማሟሚያ ታጥባ በንፁህ ጨርቅ ያልተጠረገች መርፌ ላይ የቀረ ስስ የሬንጅ ሽፋን የጫፏን ልክ ይለውጣል።

ሦስቱ ንባቦች 62፣ 65 እና 69 መጡ። ወጣቱ በፍጥነት ደምሮ አካፈለ፤ አማካዩ 65 ነው። ፊቱ ፈካ። ሬንጁ አለፈ ማለት ነዋ! ቴክኒሻኑ ግን ወረቀቱን አየና ራሱን ነቀነቀ። ውጤቱ ከ50 እስከ 149 ባለው ክልል ውስጥ ሲሆን በትልቁና በትንሹ ንባብ መካከል ያለው ልዩነት ከ4 መብለጥ የለበትም። እዚህ 7 ነው።

«አማካዩ እኮ ልክ ነው፣ ጋሼ» አለ ልጁ።

«ሦስቱ ሳይስማሙ አማካይ የለም። ሁለተኛውን ጣሳ አምጣ።»

ሁለተኛው ጣሳ መጀመሪያውኑ ለምን እንደተቀዳ ያን ጊዜ ገባኝ። በመጀመሪያው ውስጥ አረፋ ሊኖር ይችላል፣ ሙቀቱ ሳይዳረስ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱን ፍለጋ ሳይገቡ ያንኑ ሬንጅ በሌላ ጣሳ እንደገና መፈተን ይቻላል። ሁለተኛውም ካልተስማማ የተገኘው ሁሉ ይሰረዝና ከማሞቅ ይጀመራል። በዚያ ቀን ሁለተኛው ጣሳ 66፣ 65 እና 64 ሰጠ። የመጨረሻው ቁጥር ያው 65 ሆነ። አንድ ዓይነት ቁጥር ቢሆኑም ለእኔ በመጀመሪያውና በሁለተኛው 65 መካከል ያለው ልዩነት በጣም ትልቅ ነው፤ አንዱ የአጋጣሚ ድምር ነው፣ ሌላው መለኪያ ነው።

ይህን ፈተና አርጅቷል የሚሉ አሉ። መከራከሪያቸው እውነት አለው። በአንድ ሙቀት ብቻ ስለሚለካ በ25 ዲግሪ 65 የሚሰጡ ሁለት ሬንጆች በ60 ዲግሪ ፈጽሞ የተለያየ ጠባይ ሊኖራቸው ይችላል። ለዚህም ነው ከጎኑ የመለስለሻ ነጥብ ፈተና የሚሠራው፤ በናስ ቀለበት ውስጥ በተሞላ ሬንጅ ላይ 3.5 ግራም የምትመዝን የብረት ኳስ ትቀመጥና የፈሳሹ ሙቀት በየደቂቃው 5 ዲግሪ እየጨመረ ኳሷ 25 ሚሊ ሜትር የምትወርድበት ሙቀት ይመዘገባል። ፋይፈርና ቫን ዶርማል በ1936 ሁለቱን ውጤቶች አጣምረው ሬንጁ ለሙቀት ለውጥ ምን ያህል ስስ እንደሆነ የሚናገር አንድ መለኪያ አወጡ። አሜሪካ ደግሞ ከ1987 እስከ 1993 ካካሄደችው ሰፊ የአውራ ጎዳና ምርምር በኋላ ሬንጅን መንገዱ በሚገኝበት ቦታ ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት መመደብ ጀመረች። ያ የተሻለ ምደባ ነው፤ መሣሪያዎቹ ግን ውድ ናቸው፣ በየካምፑም አይገኙም። ከዋና ከተማ ርቆ፣ ጄኔሬተር በሚንኳኳበት ካምፕ ውስጥ፣ ዛሬ የደረሰው በርሜል ትናንት ከደረሰው የተለየ መሆኑን በግማሽ ቀን ውስጥ የሚናገር ሌላ ቀላል መሣሪያ አላውቅም።

የመርፌዋ አገልግሎት በርሜል በመቀበልም አያበቃም። ሬንጁ በስስ ንጣፍ በ163 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ለ5 ሰዓት ተጠብሶ እንደገና ይወጋል። ይህ በማደባለቂያው ፋብሪካ የሚደርስበትን እርጅና አስቀድሞ ያሳያል፤ ደህና 60/70 ሬንጅ ከመጀመሪያ ፔኔትሬሽኑ ከግማሽ በላይ ይዞ መውጣት ይኖርበታል። ዓመታት ካገለገለ መንገድ ላይ ተቆፍሮ የወጣ አስፋልትም ሬንጁ በማሟሚያ ተለይቶ በዚችው መርፌ ይጠየቃል።

አሁን መልቀቂያውን በኤሌክትሪክ የሚሠሩ፣ 5 ሰከንዱን ራሳቸው የሚቆጥሩ፣ ንባቡን በቁጥር የሚያሳዩ መሣሪያዎች በየላብራቶሪው አሉ። መልካም ናቸው፤ ከጣትና ከሰዓት የሚመጣውን ስህተት ያስቀራሉ። ሬንጁን ግን አያማስሉም፣ ውሃውን አይጠብቁም፣ ጫፏ የተጎዳ መርፌም ከሳጥን ለይተው አያወጡም። ከሁሉ በላይ የምወደው ልማድ ሪፖርቱ ላይ ከአማካዩ ጋር ሦስቱን ንባቦችና የገንዳውን ሙቀት መጻፍ ነው። የቅጹ ቦታ ጠባብ ነው እየተባለ አንዳንድ ቦታ ቀርቷል። 65 ብቻ የተጻፈበት ወረቀት የደረሰው አማካሪ መሐንዲስ ከማመን ሌላ ምርጫ የለውም፤ 66፣ 65፣ 64 እና 25.0 የሚል ያነበበ ግን ራሱ ሊመረምረው፣ ከተጠራጠረም ደውሎ ሊጠይቅ ይችላል።