መሪው ላይ መንጠልጠል

የሞተር ሳይክል መሪ ከፍ ባለ ቁጥር ሞተሩ በፍጥነት ላይ መንዘፍዘፍ ይጀምራል የሚል እምነት በጋራዥ ሰዎች ዘንድ የጸና ነው። በአሜሪካ ቾፐር የሚባሉትን ሹካቸው የረዘመ፣ መሪያቸውም ከፍ ያለ ሞተሮች የሚገጣጥሙ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1969 ለእይታ የበቃው «ኢዚ ራይደር» የተባለ ፊልም እንዲህ ያለውን ሃርሊ ዴቪድሰን ለዓለም ካስተዋወቀ ወዲህ፣ እጃቸውን ትከሻቸው ላይ ሰቅለው አገር ለአገር የሚነዱ ብዙዎች ናቸው፤ መሪያቸው ሳይንዘፈዘፍ ያረጁም አሉ። ሁለቱም ወገኖች ግን የሚከራከሩት ብረቱን እያዩ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ የብረቱ ጥፋት ትንሽ ነው። ከፍ ያለ መሪ የሚያመጣው ትልቁ ለውጥ በአሽከርካሪው ላይ ነው፤ ሞተሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው መሪው ላይ የተንጠለጠለ ሰው ያደርገዋል። በርካታ የአሜሪካ ግዛቶች የመሪን ከፍታ የሚገድብ ሕግ ሲያወጡ አንዳንዶቹ መለኪያ ያደረጉት የአሽከርካሪውን ትከሻ ነበር። ሕግ አውጪዎቹ ምን አስበው እንደነበር ባይታወቅም መለኪያቸው ግን ልክ ነው።

ነገሩ እንዲጠራ በአንድ ስም የሚጠሩትን ሁለት እንቅስቃሴዎች መለየት ግድ ይላል። አንደኛው የመሪው መንዘፍዘፍ ነው። የፊት ጎማው፣ ሹካውና መሪው ብቻቸውን ቀኝና ግራ ይርገበገባሉ፤ ፍጥነቱም በሰከንድ ከ6 እስከ 10 ጊዜ ገደማ ነው። ሁለተኛው የመላ ሞተሩ መወዛወዝ ነው። ሞተሩ ከነአሽከርካሪው እየተጋደመና እየተጠማዘዘ፣ በሰከንድ ከ2 እስከ 4 ጊዜ ያህል፣ ኋላው ፊቱን እየተከተለ እንደ እባብ ይሄዳል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሮቢን ሻርፕ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት ሁለቱን በስሌት ለይቶ አሳይቷል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሻንሲውን መተጣጠፍ ወደ ስሌቱ ሲያስገባ ደግሞ አሽከርካሪዎች ሲያወሩት ከኖሩት ጋር የሚገጥም ውጤት አገኘ፦ መንዘፍዘፉ ይበልጥ የሚያሰጋው በመካከለኛ ፍጥነት ላይ ነው። ጎማው የተበላ ወይም የመሪ ኩሽኔታው የላላ ሞተር ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ባለው ፍጥነት ነዳጅ ተቀንሶለት ፍጥነቱ ሲወርድ፣ በተለይ እጅ ከመሪው ሲነሳ፣ የሚንዘፈዘፈው ለዚህ ነው። በከፍተኛ ፍጥነት ላይ በብዛት የሚያስፈራው ግን ሁለተኛው፣ መወዛወዙ ነው። «መሪዬ ረጅም ስለሆነ በመቶ ሃያ ይንቀጠቀጥብኛል» የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው የትኛው እንደሆነ ነው። መልሱ ፈውሱን ይለውጠዋልና።

ወደ ብረቱ እንምጣ። መሪው የሚዞርበት ዘንግ ቀጥ ያለ አይደለም፤ የሃርሊ ዓይነት ሞተሮች ላይ ከቀጥታው 30 ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ያዘነብላል። መሪው ይህንኑ ዝንባሌ ተከትሎ ከፍ ካለ እጀታዎቹ ከዘንጉ ያላቸው ርቀት አይጨምርም፤ ስለዚህ ከፍታው ብቻውን መሪውን ለማዞር አያከብደውም። የሚያከብደው ስፋቱና ወደ አሽከርካሪው መጎንበሱ ነው። አንድ ክብደት ከዘንጉ ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን ለማዞርም ሆነ ለማቆም የሚያስቸግረው አራት እጥፍ ነው። እንዲህ ያለ መሪ የመንዘፍዘፉን ምት ትንሽ ያዘገየዋል። ረጅም ቱቦ ደግሞ ይተጣጠፋል፤ መያዣው በላስቲክ ላይ ከተቀመጠ በእጅና በጎማ መካከል ሌላ ልልነት ይገባል። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው፤ ሆኖም ጎማው፣ ኩሽኔታውና ሻንሲው ደህና የሆነን ሞተር ብቻቸውን አያሳብዱትም።

ነፋሱ ግን ሌላ ነገር ነው። እጁ ከፍ ያለ ሰው ደረቱን ሙሉ ለሙሉ ለነፋስ ይሰጣል፤ የነፋስ ግፊት ደግሞ በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል። በግምት እናስላው። ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው ለነፋስ የሚሰጠው ስፋት 0.4 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ በባሕር ወለል አካባቢ በ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚገፋው ኃይል ከ7 ኪሎ ክብደት ጋር ይስተካከላል፤ በ120 ወደ 27 ኪሎ ይደርሳል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ስለሆነ ወደ 21 ወይም 22 ኪሎ ዝቅ ይላል፤ ደጋ ላይ ምንም ያልተሰማው ሰው ቆላ ሲወርድ ሞተሩ የተለወጠበት ቢመስለው አይገርምም። ይህ ግፊት ከምድር ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ስለሚያርፍ የሞተሩን ፊት ያቀላል፣ ኋላውን ይጫናል። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 1.5 ሜትር ለሆነ ሞተር በ120 ላይ ከፊት ጎማው ሃያ ኪሎ ያህል ተቀንሶ ወደ ኋላ ይሄዳል። በከተሞቻችን ጤፍና ጄሪካን ከኋላ የሚጭኑት ቀላል ሞተሮች እዚህ ፍጥነት ላይ ባይደርሱም፣ ጭነቱ ራሱ ነፋሱ የሚሠራውን ስለሚሠራ፣ በ80 ላይ የሚያሳዩት መወዛወዝ የዚሁ ዘመድ ነው። መሪያቸውን ሳይነኩ ጭነቱን ወደ ፊት ቢያስጠጉት ይሻላቸዋል።

የክርክሬ እምብርት ከዚህ በኋላ ያለው ነው። 27 ኪሎ ወደ ኋላ የሚገፋው ሰው የሚይዘው ነገር ይፈልጋል፤ ጉልበቱ ታንኩን ካልጨበጠ፣ እግሩም ወደ ፊት ከተዘረጋ፣ የቀረው መሪው ብቻ ነው። ሁለቱ እጆች እኩል ቢስቡ መሪው አይዞርም ነበር። ነገር ግን ነፋስ እኩል አይመታም፤ ከባድ መኪና ሲያልፍ፣ ድልድይ ሲሻገሩ፣ ሰውነት ወደ አንዱ ጎን ይወረወራል። እጀታዎቹ ከዘንጉ ወደ ኋላ በተሳቡበት መሪ ደግሞ እጅ ወደ ጎን ሲሄድ መሪው ይዞራል፤ የሰውነት መወዛወዝ በቀጥታ የመሪ ትእዛዝ ይሆናል ማለት ነው። አንበሳ አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ የጣሪያውን ብረት የያዘ ተሳፋሪ መኪናው ሲታጠፍ ብረቱን ወዲያና ወዲህ ይስባል፤ ያ ብረት የሾፌሩ መሪ ቢሆን ምን እንደሚፈጠር መገመት አያዳግትም። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፦ ከሁለቱ እጆች አንዱ አንድ ኪሎ ያህል ቢበልጥና ከመሀል 40 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ፣ የሚፈጠረው ጠመዛ አሽከርካሪው ቀስ ብሎ መስመር ለመቀየር ከሚጠቀምበት ጋር ይቀራረባል። ያልታሰበ የመስመር ለውጥ ትእዛዝ በየሰከንዱ ቀኝና ግራ ሲደጋገም መወዛወዙ ምግብ አገኘ ማለት ነው።

ለዚህ የሚሰጠው የመጀመሪያ መልስ «ሰፊና ረጅም መሪ ጉልበት ይሰጣል፤ ቢንዘፈዘፍም ጭብጥ አድርጌ አቆመዋለሁ» የሚል ነው። ሰዓቱ አይፈቅድም። በሰከንድ 8 ጊዜ የሚንዘፈዘፍ መሪ አንድ ዙሩን የሚጨርሰው በ0.125 ሰከንድ ነው፤ የሰው እጅ አይቶ ለመመለስ 0.2 ሰከንድ ያህል ይፈልጋል። የእጁ መልስ ሲደርስ መሪው ወደ ሌላው ጎን ዞሯል። እጅ የሚጠቅመው በሐሳብ ሳይሆን በሥጋነቱ ነው፤ ዘና ብሎ የያዘ ክንድ እንቅስቃሴውን ይውጠዋል፣ የደረቀ ክንድ ግን የሰውነቱን ክብደት ከመሪው ጋር ያሥራል። በመወዛወዙ ጊዜማ የባሰ ነው፤ ምቱ ዘገም ያለ ስለሆነ አሽከርካሪው እየተከተለ ሊያስተካክል ይሞክራል፣ ዘግይቶ የሚደርሰው እርማት ግን መወዛወዙን ያባብሰዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። የበረሃ ራሊ ሞተሮች መሪያቸው ከፍ ያለና ሰፊ ነው፤ አሸዋና ድንጋይ ላይም ከመቶ በላይ ይበራሉ። ታዲያ ከፍታው ጥፋት ከሆነ እነሱ እንዴት ዳኑ? ያዳናቸው አያያዛቸው ነው። የራሊ አሽከርካሪ ቆሞ ይነዳል፤ ክብደቱ በእግሩ መርገጫ ላይ ነው፣ ጉልበቱ ሞተሩን ጨብጧል፣ ደረቱ ወደ ፊት ዘንብሏል። መሪው ከፍ ያለው የቆመ ሰው እንዲደርስበት እንጂ ተቀምጦ እንዲንጠለጠልበት አይደለም። ከዚያም በላይ የመሪ ማርገቢያ ይገጠምላቸዋል። «እኔም ማርገቢያውን እገጥማለሁ» ለሚል ደግሞ የሻርፕ ስሌት ያስጠነቅቃል፤ ማርገቢያ መንዘፍዘፉን ሲያክም መወዛወዙን ሊያባብስ ይችላል። የቾፐሩ ሰው በ120 ላይ ያለበት በሽታ መወዛወዝ ከሆነ መድኃኒቱ የተሳሳተ ነው።

ወደ ሥራው ሲመጣ ቅደም ተከተሉ ከዚህ ይወጣል። መሪውን ከመውቀስ በፊት የጎማ ንፋስና የጎማ መበላት፣ የመሪ ኩሽኔታ፣ የኋላ ሹካ ብሎን፣ የቸርኬ ቀጥነትና የመሪ መያዣ ዳዶዎች ይታያሉ። ከፍ ያለ መሪ እነዚህን ጉድለቶች አይፈጥርም፤ አሽከርካሪው እየሳበ ስለሚቀሰቅሳቸው ግን ቀድመው እንዲታዩ ያደርጋል፤ ብዙ ሰው መሪውን ዝቅ አድርጎ «ዳነልኝ» የሚለው ኩሽኔታው እንደላላ ነው። ሁሉም ደህና ሆኖ ሰውየው መሪውን አልቀይርም ካለ፣ የዘንጉን ዝንባሌ ተከትሎ የሚወጣ፣ ወደ ኋላ ያልተጎነበሰና እጅን ከትከሻ የማያሳልፍ ይመረጣል። የፍሪሲዮንና የነዳጅ ገመዱ፣ የፍሬን ቱቦውም ረዝሞ መሪው ጥግ ድረስ ሲዞር አለመሳቡ ሞተሩ ተነስቶ እያለ ይፈተሻል። የንፋስ መከላከያ መስታወት ማሰብም ደግ ነው፤ ደረትን ከሸክሙ ያሳርፋል። ግን የት እንደሚታሰር ይለያል። ሹካው ላይ የታሰረ መስታወት ነፋሱን ከደረት ወስዶ ለመሪው ይሰጣል። ሃርሊ ዴቪድሰን ራሱ ሁለቱንም ሠርቷል፤ ኤሌክትራ ግላይድ ላይ ከሹካው ጋር ይዞራል፣ ሮድ ግላይድ ላይ ሻንሲው ላይ ተተክሎ መሪው ብቻውን ይዞራል። ለከፍተኛ መሪ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፣ ዋጋውም ሥራውም ቢበዛ።