ኩላሊቱ የታመመ አይጥ ስለ ሬቲና ምን ይመሰክራል?

ቢቸና ወይም ሞጣ ሆስፒታል ውስጥ ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን ኦክስጅን ሲደረግለት አስቡ። ኦክስጅኑ ነፍሱን ያቆያል፤ ከልክ ካለፈ ግን ዓይኑን ሊያሳጣው ይችላል። የሬቲና የደም ሥሮች ከ16ኛው የእርግዝና ሳምንት ገደማ ጀምረው ከዓይን ነርቭ ወደ ዳር ይዘረጋሉ፤ የሚጨርሱት መውለጃው ሲቃረብ ነው። ኦክስጅን ሲበዛ ሬቲናው «ጠግቤያለሁ» ይልና ቪኢጂኤፍ የተባለውን የደም ሥር ጠሪ ፕሮቲን ይቀንሳል። ጅምሩ ይቆማል፣ ከፊሉም ይሞታል። ሳምንታት ቆይቶ ያው ሬቲና ሲራብ ጥሪውን ከመጠን በላይ ያሰማል። ያን ጊዜ የሚበቅሉት የደም ሥሮች የተዛቡ ናቸው፤ ሬቲናውን ስበው ሊያላቅቁት ይችላሉ።

ቢሲኤል-2 የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሕዋስ ራሱን እንዳያጠፋ የሚከለክል ፕሮቲን ነው። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የናደር ሸይባኒና የክሪስቲን ሶረንሰን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2005 ይህ ፕሮቲን ስለሌላቸው አይጦች አንድ ጥናት አወጣ። (የአይጥ ሬቲና የደም ሥር የሚያወጣው ከተወለደ በኋላ ነው፤ ለዚህ ነው የምትመረጠው።) በተለመደው ዘዴ ግልገሎቹ ከ7ኛው እስከ 12ኛው ቀን 75 በመቶ ኦክስጅን ውስጥ ቆይተው ወደ ተራ አየር ይመለሳሉ። ቢሲኤል-2 የሌላቸው አይጦች የሬቲና ደም ሥራቸው በደንብ አላደገም፤ በኋላ የሚመጣው የተዛባ የደም ሥርም ቀነሰ።

«ታዲያ ቢሲኤል-2ን ብንዘጋው ዓይነ ስውርነትን እንከላከላለን!» ማለት ያምራል። እኔ ግን ቅሬታ አለኝ። እነዚያ አይጦች ፕሮቲኑ የጎደላቸው ዓይናቸው ላይ ብቻ አይደለም፤ መላ አካላቸው ላይ ነው። ኩላሊታቸው በወጉ አልተሠራም፣ ሰውነታቸው ትንሽ ነው፣ ጡት ከጣሉ ብዙም ሳይቆዩ ይሞታሉ። እንዲህ ባለ እንስሳ የደም ሥር ባይበቅል ጥፋቱ የማን ነው? የደም ሥሩ ሕዋስ? የኩላሊቱ? ወይስ የድካሙ?

ደግነቱ ጥያቄውን ያነሱት ራሳቸው ናቸው፤ ይህን አደንቅላቸዋለሁ። በ2015 ባወጡት ጥናት ቢሲኤል-2ን ከደም ሥር ግድግዳ ሕዋሳት ብቻ አጠፉ። አይጦቹ ቁመናቸውም ዕድሜያቸውም ደህና ሆነ። የሬቲናው ደም ቅዳዎች አሁንም ቀነሱ፤ የደም ሥሩ መረብ ግን እንደ ወትሮው ተዘረጋ። ከሬቲና ጀርባ ባለው ሽፋን ላይ የሚበቅለው የተዛባ የደም ሥር ቀነሰ። ከኦክስጅኑ በኋላ የሚመጣው፣ ማለትም የእኛን ሕፃን የሚመለከተው፣ አልቀነሰም! የ2005ቱን ብቻ ጠቅሶ የሚጽፍላችሁ ሰው ግማሹን ነው የነገራችሁ።

ሌላም አለ። የዩኒቨርሲቲው ከተማ ማዲሰን 270 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ቢቸናና ሞጣ ግን ወደ 2,500 ሜትር ናቸው። የአየሩ ግፊት እዚህ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ 75 በመቶ ኦክስጅን ሞጣ ላይ ሲሰላ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለ 55 በመቶ ጋር ይቀራረባል። የቤተ ሙከራን ቁጥር እንዳለ ገልብጦ ማምጣት አይሆንም።

«እንግዲያው ኦክስጅኑን እንቀንሰው» እንዳትሉ ደግሞ፣ በ2010 የታተመውን ሰፖርት የተባለ የአሜሪካ ጥናት እዩ። የደም ኦክስጅናቸው ከ85 እስከ 89 በመቶ እንዲሆን የተደረጉ ሕፃናት ከ91 እስከ 95 ከነበሩት ይልቅ ከባድ የዓይን ጉዳት አነሰባቸው፤ ከሆስፒታል ሳይወጡ የሞቱት ግን በዙ። ዛሬ የሕፃኑን ዓይን የሚጠብቅለት እግሩ ላይ የሚታሰረው የኦክስጅን መለኪያ ነው፤ ከዚያም በተወለደ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ሬቲናውን ገልጦ የሚያይ ሐኪም።