አሚን ባዩ ማነው? ወዳጃን ለጠያቂ ስለ ማስረዳት

ከደሴ ተነስቶ ሐረጎን እየወረደ ወደ ኮምቦልቻ የሚሄድ እንግዳ ስለ ወዳጃ፣ ስለ ወሎው የጋራ ዱዓ፣ ቢጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «መቻቻል» የሚል ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቀመጣል፣ አብሮ ቡና ይጠጣል፣ ወሎ እንዲህ ነው ይባላል። መልሱ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ዱዓውን ወደ ጉርብትና ማሳያ ያወርደዋል። ተሰብሳቢዎቹ የሚመጡት ግን ፈጣሪን ሊለምኑ ነው።

ቤቱ ተጠርጎ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፤ ረከቦቱ ይቀርባል፤ ዕጣኑ ይጨሳል። ጫቱም ከመታደሉ በፊት የዱዓው መሪ፣ አባጋሩ፣ ይመርቁበታል። ከዚያ ጉዳይ ያለበት ሰው ይናገራል። አንዲት እናት ጎንበስ ብላ «ልጄ ዐረብ አገር ሄዳ ድምጿ ጠፋብኝ» ስትል «አብሽሪ» ብሎ የሚያቋርጣት የለም፤ ምክር የሚሰጣትም የለም። አባጋሩ መዳፋቸውን ወደ ላይ ገልጠው ጭንቀቷን ወደ ልመና ይለውጡታል፤ ቤት እየመታ፣ ስንኝ እየሆነ ይወርዳል። ተሰብሳቢው በየሐረጉ «አሚን!» ይላል። ልጅቷን አይቷት የማያውቀውም፣ ዐቢይ ጾምን የሚጾመው ጎረቤትም አሚን ይላል። ብቻዋን ተሸክማው የመጣችው ነገር አሁን የቤቱ ሁሉ ጉዳይ ነው።

የወዳጃ ፍልስፍና እዚህ ላይ ይመስለኛል። ልመና በሰው ጆሮ ይወድቃል፤ ሌላው ሲቀበለው ይከብዳል። መንዙማውና ድቤው ሲነሳም ያው ነው፤ አንዱ ያወጣል፣ ብዙው ይቀበላል።

የወዳጃ ሥር ሱፊ ነው። የቃዲሪያ ጠሪቃ ሼኾች በደቡብ ወሎ ደረሳ አስተምረዋል፤ መንዙማውን በዐረብኛ ፊደል በአማርኛ ጽፈዋል። ጀማ ንጉሥ በተባለው ቦታ የነበሩት ሼህ ሙሐመድ ሻፊ፣ ቃሉ ውስጥ የምትገኘው ጌታ የተባለችው ቦታም እስከ ዛሬ በዚያራ ይታወሳሉ። ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ እስልምና ላይ የጻፉትና እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው መጽሐፍ ለዚህ ታሪክ ዋና ምስክር ነው። ትኩረቱ ግን በሼኾቹና በገዢዎቹ ላይ ነው። በየመንደሩ ዱዓ የሚመሩት ሴቶች፣ ዱበርቲዎቹ፣ እንዲያ ያለ ሙሉ መጽሐፍ ይገባቸዋል።

«መቻቻል» የሚለው መልስ ቦሩ ሜዳንም ያስረሳል። ቦታው ከደሴ ብዙም አይርቅም። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በግንቦት 1870 ዓ.ም ጉባኤ ካደረጉ በኋላ የወሎ ሙስሊም መኳንንት እንዲጠመቁ ታዘዙ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ሼህ ጦልሃ ግን እምቢ ብለው ተዋጉ። እንግዲህ አብሮ አሚን የሚለው ሕዝብ ግዳጅን ያልቀመሰ ሕዝብ አይደለም። ለእኔ የወዳጃ ክብር ከዚህ ይጀምራል።

ተቃውሞውንም መደበቅ አይገባም። ከሙስሊም ወገን ቢድዓ (በሃይማኖት ላይ የተጨመረ አዲስ ነገር) ነው የሚሉ አሉ፤ ልመና በወልይ፣ በቅዱስ ሰው፣ በኩል ሳይሆን በቀጥታ ወደ አላህ መድረስ አለበት ይላሉ። ከቤተ ክርስቲያን ወገንም ምእመኑ እንዳይገኝ የሚከለክሉ አሉ። የሞተ ወልይ ይሰማል ወይስ አይሰማም የሚለው የእምነት ጥያቄ ስለሆነ ባህል ነው ብሎ ማለፍ ሁለቱንም ወገን መናቅ ነው። በጫቱ ላይ የሚነሳውን ወቀሳ ግን እኔም እቀበላለሁ፤ ዱዓው ቀርቶ ጫቱ ብቻ የተረፈባቸው ቤቶች አሉና።

ለሚጠይቀኝ ሰው የምሰጠው ምክር አጭር ነው። ጫማህን አውልቀህ ከበሩ አጠገብ ተቀመጥ፤ የሰውን ልመና ስማ፤ አሚን ማለት ከከበደህ ዝም በል። ተራው ሲደርስ አባጋሩ ፊታቸውን ወዳንተ ያዞራሉ፤ ከየት እንደመጣህ ሳይሆን ጉዳይህን ይጠይቁሃል።