ቤዙ የት ገባ?

ባለፈው ጥር የአንድ ዘመዴ ሠርግ ላይ ነው። ባንድ ተጠርቷል። ድምፃዊ አለ፣ ኪቦርድ አለ፣ ሳክስፎን አለ፤ ከዳር በኩል ደግሞ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ አንድ ሰው ቤዝ ጊታር አንግተው ቆመዋል። ሌላው ታዳሚ ሙሽሪትን ሲያይ እኔ የሙዚቀኛ ጣት የማየት አመል ስላለብኝ ወደ መድረኩ ጠጋ ብዬ ተቀመጥኩ። የሰውዬው ጣቶች ይሠራሉ። የምሰማው ነገር ግን ከጣቶቻቸው ጋር አልገጥም አለኝ። እጃቸው ሲያርፍ ድምፁ አያርፍም፤ እጃቸው ወደ ላይ ሲወጣ ድምፁ እታች ይቀራል። ኬብሉን በዓይኔ ተከተልኩት። ከጊታሩ ወረደ፣ የማይክራፎኑን እግር ዞረ፣ እዚያው ምንጣፉ ላይ አለቀ። የተሰካበት ነገር የለም።

ምሳ ሲቀርብ ጠጋ አልኩና «ጋሼ፣ ኬብሉ ወልቆብዎታል» አልኳቸው።

«አልወለቀም ልጄ» አሉኝ ሳይደነግጡ። «መጀመሪያም አልተሰካም። ሰው ጊታር ካላየ ባንድ መጣ አይልም። ድምፁን ግን ልጁ በግራ እጁ ከኪቦርዱ ያወጣዋል። ለእነሱም ይቀላቸዋል።» ይህን ብለው ወደ ሳህናቸው ተመለሱ።

ይህን የምጽፈው ሰውዬውን ለመውቀስ አይደለም። እንጀራ ነው። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። ድሮ ቤዝ ጊታር የሚሰማ እንጂ የማይታይ መሣሪያ ነበር። ድምፃዊው ከፊት፣ ነፋሾቹ በስተቀኝ፣ ቤዝ ተጫዋቹ ከድራሙ አጠገብ ጨለማ ውስጥ። አሁን የሚታይ እንጂ የማይሰማ ሆነ ማለት ነው? የሚገርመው ደግሞ ድምፁ ራሱ አልጠፋም። በየመኪናው የኋላ ወንበር ሥር የተቀበረው ትልቅ ስፒከር የሱቅ መስታወት እያራገፈ ነው የሚያልፈው። ቤዝ እንደ ዛሬ በዝቶ አያውቅም፤ የጠፋው ተጫዋቹ ነው።

መሣሪያው ዕድሜው ብዙ አይደለም። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በካሊፎርኒያ ፉለርተን በምትባል ከተማ ሊዮ ፌንደር የሚባል ራዲዮ ጠጋኝ ነበር። ጊታር መጫወት እንኳ አይችልም። በዚያን ጊዜ የባንዶች ወፍራም ድምፅ የሚወጣው ከኮንትራባስ ነበር። ሰው የሚያህል እንጨት ነው፤ መኪና ውስጥ አይገባም፤ አንገቱ ላይ ምልክት ስለሌለው ጣት ትንሽ ከሳተች ድምፁ ይዛባል፤ ነፋሾች ሲነሱበት ደግሞ ጭራሽ አይሰማም። ፌንደር በ1951 ይህን ሁሉ በአንድ ጣውላ ፈታው። አራት ወፍራም ክር፣ ከሥራቸው ማግኔት፣ አንገቱ ላይ የብረት መስመሮች። በመስመሮቹ ምክንያት ድምፁ ስለማይዛባ «ፕሪሲሽን» አለው። ወፍራሙ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። ከተራው ጊታር አንድ ኦክታቭ ዝቅ ያለ መሆኑ ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ በክቡር ዘበኛና በፖሊስ ኦርኬስትራዎች ዘመን ሙዚቃው የቆመው በብዙ ነፋሽ ጉልበት ላይ ነበር። ቁጥራቸው ያነሰ የሆቴል ባንዶች ሲመጡ ግን ያ ሁሉ ነፋሽ ተሸክሞት የነበረው ክብደት ጠቅልሎ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ወደቀ። በአይቤክስና ኋላም በሮሃ ባንድ ጆቫኒ ሪኮ፣ በዋሊያስ ባንድ መላኩ ገብሬ ያንን ሸክም ከተሸከሙት ናቸው። እነዚህን ሁለት ስሞች በየቤቱ እየጠራሁ ብጠይቅ ስንት ሰው ያውቃቸዋል? የሚያውቃቸው ሙዚቀኛው ነው። ጣቶቻቸውን ግን ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ በማናውቀው ሰው ጣት ስንጨፍር ነው የኖርነው።

እንደ እኔ አስተያየት የእነዚህ ሰዎች ሥራ ከውጭ አቻዎቻቸው ይልቅ ከባድ ነበር። የምዕራቡ ቤዝ ተጫዋች መንገዱ በኮርድ የተጠረገለት ነው። ኮርዱ ሲለወጥ የኮርዱን መሠረት ይረግጣል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ማሳመሪያ ነው። የእኛ ዜማ ግን በትዝታ ይሁን በባቲ፣ በአምባሰል ይሁን በአንቺ ሆዬ፣ አምስት ድምፅ ይዞ በአንድ መስመር የሚሄድ ነው። ማሲንቆው ዘፋኙን ይከተላል፣ ክራሩ ዘፋኙን ይከተላል፤ ከሥር የሚረገጥ ሌላ ወለል አልነበረም። ታዲያ ቤዝ ጊታር ይዞ የመጣ ሰው ምን ይጫወት? ዜማውን ቢደግም ጭቃ ይሆናል። የፈረንጅ ኮርድ ቢያስገባ ቅኝቱ ይሰበራል። እነሱ ያገኙት መልስ ከቅኝቱ ውስጥ ሁለት ሦስት ድምፅ መርጦ አጭር ሐረግ መሥራትና እሷን ይዞ መመላለስ ነበር።

ዋሊያስ በ1977 ያወጡትን «ቼ በለው» የተባለ የሙዚቃ መሣሪያ ብቻ ሸክላ ያገኘ ሰው «ሙዚቃዊ ስልት» የሚለውን አንድ ጊዜ ለቤዙ ብቻ ብሎ ይስማው። የኃይሉ መርጊያን ኦርጋንና ነፋሾቹን ለጊዜው ይርሳቸው። ከሥር ያለው ሰው ብዙ አይናገርም። ያችኑ ይላል፣ ያችኑ ይደግማል። መጀመሪያ ሰነፍ ይመስላል። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ሲደርሱ ግን የሚንቀሳቀሰው ሁሉ የሚንቀሳቀሰው እሱ ስላልተንቀሳቀሰ መሆኑ ይገባዎታል። ከዚያ ማሕሙድ አህመድ በ1975 ከአይቤክስ ጋር የሠራውን «ኧረ መላ መላ» ያድምጡ። ይህ ሥራ በ1986 ቤልጅየም ውስጥ እንደገና ታትሞ ከወጣ በኋላ የውጭ ሰዎች ስለ ማሕሙድ ድምፅ ብዙ ጽፈዋል፤ ይገባዋልም። እኔ ግን እዚያ ዘፈን ላይ የማሕሙድ ድምፅ እንደዚያ የሚንከራተተው ከሥሩ የማይንከራተት ነገር ስላለ ነው ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ቤዝ ተጫዋች የሚመዘነው ድምፁን ሲጀምር ነው ብለን እናስባለን። እኔም ለዓመታት እንደዚያ አስብ ነበር። እውነቱ ግን ድምፁን ሲያቆም ነው። የተመታ ወፍራም ክር ካልያዙት ብዙ ሰከንድ ይጮኻል፤ የሚቀጥለው ምት ላይ ይደርስና ያጨማልቀዋል። ስለዚህ ጎበዝ ተጫዋች ግማሽ ጉልበቱን የሚያጠፋው ክሩን ዝም በማሰኘት ነው፤ በግራ እጁ ጣት ላላ ያደርገዋል፣ በቀኝ መዳፉ ጠርዝ ይነካዋል። የእኛ ችክችካ ደግሞ እዚህ ላይ ምሕረት የለውም። ስድስቱን ምት ሁለት ጊዜ ሦስት ወይም ሦስት ጊዜ ሁለት አድርጎ መቁጠር ይቻላል፤ ትከሻ አንዱን ይቆጥራል፣ እግር ሌላውን። ሁለቱን የሚያስታርቀው ቤዙ ነው። የሚያስታርቀውም በምት ሳይሆን በዝምታ ነው፤ አንዷን ድምፅ በጥቂቱ አሳጥሮ፣ ሌላዋን በጥቂቱ አስረዝሞ።

ያማሃ በ1983 ዲ ኤክስ ሰቨን የተባለውን ኪቦርድ ሲያወጣ የቤዝ ድምፅ በአንድ ቁልፍ ተገኘ። ቆየት ብሎ የካሴት ሥራ እኛም ዘንድ በአንድ ኪቦርድና በአንድ የድራም ማሽን ማለቅ ጀመረ። ለምን እንደሆነ አይጠፋኝም። አራት ሰው ከመክፈል አንድ ሰው መክፈል ይረክሳል። ሰዓት እላፊው፣ የመሣሪያ ውድነቱ፣ ስደቱ የባንዶችን ቁጥር አሳንሶታል፤ ዋሊያስም በ1981 ለሥራ ወደ አሜሪካ ሲሄዱ ገሚሱ እዚያው ቀርቷል። ኪቦርድን በጅምላ የማወግዝም አይደለሁም። በ1984 ዋሽንግተን አካባቢ የነበሩት የአድማስ ባንድ ልጆች፣ እነ ሔኖክ ተመስገንና አበጋዙ ሺኦታ፣ ኪቦርዱንም የድራም ማሽኑንም ሳይጠሉ የሠሩት ሥራ ዛሬም ትኩስ ነው። ምክንያቱ ቤዝ ጊታር በጣታቸው የሚያውቁ ሰዎች መሆናቸው ይመስለኛል። ቅሬታዬ ሌላ ነው። የኪቦርድ ቁልፍ ሲጫኑት ይጮኻል፣ ሲለቁት ይቆማል፤ በመካከል ያለውን ማላላትና ማነቅ አያውቅም። ግራ እጅ ደግሞ ቀኝ እጅ የሚሠራው ሥራ ሲበዛበት ለሥሩ የሚተርፈው ሐሳብ ትንሽ ነው። ስለዚህ ሁሉም ድምፅ እኩል ይረዝማል። ሁሉም እኩል ሲረዝም ትከሻና እግር አይታረቁም፤ ይደነቁራሉ እንጂ። ሠርጉ ላይ ሰው የጨፈረው ከሙዚቃው ጋር ሳይሆን ከጩኸቱ ጋር ነበር ብል አላጋነንኩም።

«ድሮ በትንሽ ቴፕ ስንሰማ መች ቤዝ ይሰማ ነበር?» የሚለኝ ወዳጅ አለኝ። ጥያቄው ጥሩ ነው። የአባቴ ቴፕ ስፒከሩ የቡና ስኒ ማስቀመጫ ያህል ነበር፤ 41 ርግብግቢትማ ከዚያ ሊወጣ አይችልም። እኔ ግን ቤዙን እሰማው ነበር፤ አልዋሽም። ምሥጢሩ ጆሮ ውስጥ ነው። አንድ ወፍራም ክር ሲመታ 41 ብቻ ሳይሆን 82፣ 123፣ 164 እያለ የሚወጡ ልጆች አሉት። ትንሹ ስፒከር እናትየዋን ቢያጣም ልጆቹን ያወጣል፤ ጆሮ ልጆቹን አይቶ እናቲቱን ይሞላታል።

ይህን ደግሞ ከፌንደር በፊት በገና ደርዳሪ ያውቀው ነበር። በገና አሥር የአንጀት ክር ያለው የእኛ ቤዝ ነው። ክሩ ተርከፍክፎ የሚነዝረው በክሩና በመቀመጫው መካከል እንዝራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ስለሚገባ ነው። ንዝረቷ ለጌጥ አይደለችም፤ ልጆቹን ታበዛለች። ያለ አምፕሊፋየር፣ ያለ መብራት፣ ያ ዝቅተኛ ድምፅ ክፍሉን የሚሞላው በዚህ ነው። አንድ ሰው ቤዝ ለአገራችን እንግዳ ነው ሲል በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ይህች ቁራጭ ቆዳ ናት።

ስለ መሣሪያ ፍቅር ጥቂት ልናዘዝ። የእኔ ቤዝ ሁለተኛ እጅ የተገዛ ነው። ራሱ ላይ «ፌንደር» ይላል፤ ጽሑፉ ግን በጥፍር ሲነካ ይላጣል። ሻጩ ይህን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም፤ ለማመን ቸኩዬ ነበር። አንድ ሰሞን እውነተኛው ቢኖረኝ ጣቴ ይፈታል ብዬ አምን ነበር። ክር ሲሞትብኝ፣ አዲስ መግዛት አቅም ስለማይፈቅድ፣ ተጫዋቾች እንደሚያደርጉት ፈትቼ በድስት ቀቀልኩት። ቅባቱና እድፉ ስለሚለቅ ለጥቂት ቀናት ነፍስ ይዘራል። እናቴ ክዳኑን ከፍታ «ይሄ ደግሞ የምን ቅቅል ነው?» ስትል ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ማግኔቱም የቤቱን መስመር እየሳበ እም... ይላል። የእኛ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ያ ጉምጉምታ ወፍራሙ «ሶል» ከሚባለው 49 ጋር ሊገጥም ምንም አይቀረው። መሣሪያዬ ቅኝቱን ሳልነግረው ብቻውን ያንጎራጉራል።

ከዚህ በሽታ የፈወሰኝ ጄምስ ጄመርሰን ነው። ዲትሮይት ውስጥ የሞታውን ኩባንያ በ1960ዎቹ ያወጣቸው ዘፈኖች ሥር ያለው ጣት የእሱ ነው፤ ጣት ያልኩትም በነጠላ ነው፣ በአንድ ሌባ ጣት ብቻ ነበር የሚመታው። ክር መቀየር አይወድም፤ ያረጀ ክር፣ የቆሸሸ አንገት፣ አንድ ጣት። ያ ሁሉ ሸክላ ሲሸጥ ስሙ ሽፋኑ ላይ አልነበረም። የተጻፈለት በ1971 ማርቪን ጌይ ባወጣው «ዋትስ ጎይንግ ኦን» ላይ ነው። ሙዚቃውን ሁሉም ሰው ሲያውቀው አሥር ዓመት አልፎ ነበር ማለት ነው።

እኛስ? ዛሬ ዘፈን የሚወጣው በስልክ ነው። ዝርዝሩ ላይ የድምፃዊው ስም አለ፣ የግጥሙና የዜማው አለ፣ ያቀናበረው አለ፤ የቪዲዮው ፀጉር ሠሪ ሳይቀር ይጠቀሳል። ቤዝ የተጫወተውን ለማግኘት ብዙ ጊዜ ፈልጌ አጥቻለሁ። አንዳንዴም የጠፋው ስሙ አይደለም፤ ሰውየው ራሱ አልነበረም። ስለ አዲስ አልበም የምንጽፍ ሰዎችም ከዚህ ጥፋት ነፃ አይደለንም። እኔ ራሴ በጻፍኳቸው የሙዚቃ ሒሶች ውስጥ ስንት ጊዜ ቤዝ ተጫዋች ጠቀስኩ ብዬ ሰሞኑን አገላበጥኳቸው። ሁለት ጊዜ ነው። አንዱ ስሙን አሳስቼ።

የሠርጉን ሰውዬ ስልክ ተቀብያቸው ነበር። ከሁለት ወር በኋላ አንድ እሑድ ቤት መጡልኝ። ቡና ተፈላ፤ መሣሪያዬን አነሱት፣ የተላጠውን ጽሑፍ አዩትና ምንም አላሉም። ኬብሉን ራሳቸው ሰኩ። ያ «ሶል» ጉምጉም ሲል ፈገግ አሉ። ከዚያ በባቲ አንዲት አጭር ነገር ጀመሩ፤ አራት ድምፅ ብትሆን ነው። ደገሟት። ደገሟት። እናቴ ከጓዳ ስኒ እንደያዘች ወጥታ በር ላይ ቆመች።

ሲያበቁ «ክሩ ስንት ጊዜው ነው?» አሉኝ።

«አራት ዓመት አልፎታል ጋሼ። ብዙ ጊዜ ቀቅዬዋለሁ።»

«ከእንግዲህ እንዳትቀቅለው» አሉና እንደገና ጀመሩ።